መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ይወጣል ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ንባብ መዳከም የሚጻፈው በዛ እንጂ አላነሰም። በየጊዜው በሚወጡት አስተያየቶች ውስጥ ተከሳሹ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ ትውልድ ነው፤ ግብረ አበሩ ደግሞ የእጅ ስልኩ። ወጣቱን ነፃ ለማውጣትም ሆነ ስልኩን ለማውገዝ አልተነሣሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ክርክሩ አንድ ተቋም እየዘለለ መሄዱ ስላሳሰበኝ ነው። የንባብ ልማድ ከመጽሐፍ ጋር ደጋግሞ በመገናኘት የሚዳብር ነው፤ መጽሐፍ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ከመጽሐፍ ጋር ደጋግሞ የሚገናኘው በነፃ አውሶ ወደ ቤቱ የሚሰደው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲኖር ነው። ስለዚህ «ሰዉ ለምን አያነብም?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ይወጣል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ወደ ነገሩ ሥር እንቀርባለን ባይ ነኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። መረጃ ያለው ኅብረተሰብ ስንል ዜና ቶሎ የሚደርሰው ኅብረተሰብ ማለታችን ከሆነ ቤተ መጻሕፍት አያስፈልገንም፤ ዜናው ሳንፈልገውም ይደርሰናል። ነገር ግን አንድ አዲስ የግብር አዋጅ ወጣ እንበል። ርእሱን ሁሉም በአንድ ቀን ይሰማዋል፤ በማግስቱም ደጋፊውና ነቃፊው ተለይቶ ይቆማል። አዋጁ የተካው የቀድሞው ሕግ ምን ይል እንደነበር፣ ያ ሕግ ለምን እንደወጣና ምን እንዳስከተለ፣ ተመሳሳይ ግብር በሌላ አገር ተሞክሮ ምን ላይ እንደደረሰ የሚያውቅ ግን ከስንት አንዱ ነው። ይህን ለማወቅ ሰነዱን ራሱን ማንበብ፣ አንድ ሁለት ረዘም ያሉ ጽሑፎችን እስከ መጨረሻው መከታተልና የማይጥም ሐሳብንም ታግሦ መስማት ያስፈልጋል። በዚህ ትዕግሥት ያልተገራ አእምሮ በቀን መቶ ዜና ቢደርሰው መቶ ጊዜ ይደነግጣል ወይም መቶ ጊዜ ይፈነድቃል እንጂ አንድም ጊዜ አይመዝንም።

በስልክ ማንበብ ንባብ አይደለም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጠቃሚ ሰነድ ዛሬ የሚገኘውም በስልክ ነው። የሚያሳስበኝ የሚነበበው በምን ላይ መሆኑ ሳይሆን ስንት ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየቱና የሚነበበውን ማን እንደመረጠው ነው። አንድን መከራከሪያ አርባ ገጽ ተከትሎ፣ በሠላሳኛው ገጽ ላይ የተባለው በአሥረኛው ከተባለው ጋር ይስማማ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያረጋግጥ አንባቢ፣ በሌላ ቀን አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ነጋዴ ሲያነጋግረውም ይህንኑ ያደርጋል። ልብ ወለድም ቢሆን ለዚህ ይጠቅማል፤ በአምስተኛው ምዕራፍ የጠላነውን ሰው በአሥራ አምስተኛው እንድናዝንለት የሚያደርግ ታሪክ በችኮላ መፍረድን ያስተወናል። ልብ ወለድን ከቁም ነገር ንባብ ውጭ የሚያደርጉ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አንባቢ የሚነበበውን እንዴት ይመዝናል የሚለውን በተመለከተ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። አጥኚዎቹ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 የመረጃ አጣሪ ጋዜጠኞችና 25 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንድ የኢንተርኔት ገጾችን እንዲመዝኑ አደረጉ። ተማሪዎቹና ከምሁራኑም ብዙዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ተተክለው አቀማመጡን፣ ዓርማውንና አጻጻፉን እየመረመሩ ተታለሉ። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ከመክፈታቸው ትተውት ወጡና ሌሎች ስለ እሱ ምን እንደሚሉ ማመሳከር ጀመሩ፤ ፈጥነውም እውነቱ ላይ ደረሱ። ምሁር መሆን ብቻውን አላዳነም ማለት ነው፤ ያዳነው ከአንድ ምንጭ ወደ ሌላው የመሄድ ልማድ ነው።

ይህን ልማድ ለተራው ሰው ሲያስተምር የኖረው፣ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው፣ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ነው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው፣ መጻሕፍትን በጉዳያቸው ለይቶ ቁጥር የሚሰጥ የአሥርዮሽ አመዳደብ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከደራሲው ስም ወይም ከመጽሐፉ መጠን ይልቅ ጉዳዩን ስለሚከተል፣ በአንድ ጉዳይ ላይ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት መጻሕፍት ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ይቆማሉ። አንዱን ሊያነሣ የሄደ ሰው የሌላውን ርእስ ሳያይ አይመለስም። ለዚህ ግን አንባቢው መደርደሪያው ድረስ መግባት አለበት። በእንግሊዝ አገር ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በፊት አንባቢው ከመስኮት ወዲያ ቆሞ የመጽሐፉን ቁጥር ከማውጫ ፈልጎ ለሠራተኛው ይነግር ነበር እንጂ መጽሐፉ ዘንድ አይደርስም ነበር። ጄምስ ደፍ ብራውን የተባለ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1894 በለንደን ክላርከንዌል አንባቢው ገብቶ በእጁ እንዲመርጥ ሲፈቅድ የሙያ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ መጻሕፍቱ ይሰረቃሉ፣ ይዘበራረቃሉ ብለው ተነሡበት። ዛሬም ቁጥር በወረቀት ጽፈን በመስኮት የምናቀብልበት ቤተ መጻሕፍት ስገባ ያ ክርክር እዚያ ገና አለማለቁ ይታየኛል።

አሁን ልማዱ ከየት ይመጣል ወደሚለው ልሻገር። በ27 አገሮች የተሰበሰበ መረጃን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ወደ 500 የሚጠጉ መጻሕፍት ባሉበት ቤት ያደገ ልጅ ምንም መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ካደገው ይልቅ በአማካይ 3.2 ዓመት የበለጠ ትምህርት እንደሚከታተል አመልክቷል፤ የወላጆቹ የትምህርት ደረጃና የሥራቸው ዓይነት ተመሳሳይ ሲሆን እንኳ። መጻሕፍት በቤት መኖራቸው ብቻውን ተአምር ይሠራል ማለት አልችልም፤ መጻሕፍቱን የሰበሰበው ወላጅ ከልጁ ጋር የሚያወራው ወሬም የተለየ ሊሆን ይችላል። ሆኖም 500 መጻሕፍት ገዝቶ ቤቱ ሊደረድር የሚችል ቤተሰብ በየትኛውም አገር ጥቂት ነው። ልጁ በሳምንት ሁለት መጽሐፍ እያመጣ የሚመልስበት ቤተ መጻሕፍት ካለ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላ ከ500 በላይ መጻሕፍት በዚያው ቤት አልፈው ይሄዳሉ፤ ወላጁም ሳይገዛ፣ ቤቱም ሳይጠብ።

ፊደል ማስቆጠርና አንባቢ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውንም እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከማግኘት የደረሰ ታላቅ ሥራ ነበር። እንዲህ ያሉ ዘመቻዎች በተካሄዱባቸው ብዙ አገሮች በኋላ የታየው ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ ፊደል የለየ ጎልማሳ ቀጥሎ የሚያነበው ነገር በአቅራቢያው ካጣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የተማረውን ይረሳል። ፊደል በመምህር ይለያል፤ የተለየው ፊደል እንዳይጠፋ የሚያደርገው ግን መጽሐፍ ነው።

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበኝ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1850 ያወጣው ሕግ ነው። ሕጉን ያቀረበው ዊልያም ኢዋርት የተባለ የምክር ቤት አባል ሲሆን ማስረጃውን በማሰባሰብ የረዳው ኤድዋርድ ኤድዋርድስ የግንበኛ ልጅና የብሪቲሽ ሙዚየም ረዳት ሠራተኛ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ብዙ ነበሩ። አንዳንዶቹ ቤተ መጻሕፍቱ የአመፅ መቀስቀሻ አዳራሾች ይሆናሉ ብለው ፈሩ። ኮሎኔል ሲብቶርፕ የተባሉት የምክር ቤት አባል ደግሞ፣ እሳቸው ንባብ የሚባል ነገር ጨርሶ እንደማይወዱና በኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉም ይጠሉት እንደነበር በምክር ቤቱ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ግልጽነት ከዛሬ ባለሥልጣናት አንሰማም፤ አሁን ንባብን የማይወድም ሰው ስለ ንባብ ንግግር ያደርጋል።

ሕጉ ከብዙ መሸራረፍ በኋላ ጸደቀ። ከ10,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ፣ ከግብር ከፋዮቹ ሁለት ሦስተኛው ከተስማሙ፣ ከንብረት ግብር በፓውንድ ግማሽ ፔኒ እየሰበሰበ ቤተ መጻሕፍት እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። ሆኖም በዚያ ገንዘብ መጽሐፍ መግዛት አይቻልም ነበር። ለሕንፃው ይወጣል፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ይወጣል፤ መጻሕፍቱ ግን ከበጎ አድራጊዎች በስጦታ ይመጣሉ ተብሎ ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተው የማንቸስተር ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ለማዋስ የቻለው ሠራተኞችን ጨምሮ ሕዝቡ ገንዘብ ስላዋጣለት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊም ያው የግንበኛ ልጅ ኤድዋርድስ ሆነ። ባዶ መደርደሪያ የያዘ ቤተ መጻሕፍት የሚያስቅ ነገር መሆኑን ፓርላማው ለመረዳት አምስት ዓመት ፈጀበት፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በወጣው ሕግ ግብሩ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ፣ መጽሐፍ መግዛትም ተፈቀደ።

ይህን ታሪክ በዝርዝር ያወሳሁት የ1850ው አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀን ነው። የቤተ መጻሕፍት ምርቃት ዜና ሲቀርብ የሕንፃው ወለል ብዛት፣ የመቀመጫው ቁጥርና የወጣው ገንዘብ ይነገራል። መጽሐፍ በየዓመቱ የሚገዛበት በጀት ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። መጻሕፍቱ ዛሬም በስጦታ ይሰበሰባሉ፤ በስጦታ የሚሰበሰብ መጽሐፍ ደግሞ ሰጪው ቤት ቦታ ያጣበበው መጽሐፍ ነው። ማንንም ለማስቀየም አይደለም፣ ስጦታ ስጦታ ነው፤ ግን ያለፈበት የሕክምና መማሪያና የተሻረ ሕግ ማብራሪያ በመደርደሪያ ላይ ሆኖ አንባቢውን ያሳስታል። የሕክምናና የሕግ መጻሕፍት በየጊዜው የማይታደሱበት ቤተ መጻሕፍት ኅብረተሰቡን ያሳውቃል ለማለት ይከብዳል።

የአሜሪካውን የብረት ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊን በዚህ ጉዳይ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከስኮትላንድ የፈለሰ የድሃ ሸማኔ ልጅ ነበር፤ ልጅ ሳለ በአሜሪካ ፒትስበርግ በቴሌግራም ተላላኪነት ይሠራ ነበር። ኮሎኔል አንደርሰን የተባሉ ሰው 400 ያህል መጻሕፍታቸውን ለሠራተኛ ልጆች በየቅዳሜው ያውሱ ነበርና እሱም ከዚያ ይወስድ ነበር። ኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ሲሰፋ፣ በሙያ ሥልጠና ውል ያልታሰሩ ልጆች በዓመት 2 ዶላር ይክፈሉ ተባለ። የ17 ዓመቱ ካርኔጊ ገንዘቡ አልነበረውምና እ.ኤ.አ. በ1853 «ሠራተኛ ልጅ» ብሎ ፈርሞ ለከተማው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ኃላፊው በዚያው ጋዜጣ ደንቡን ጠቅሶ መለሰለት፤ ልጁም መልሶ ጻፈ፤ በመጨረሻ በነፃ እንዲገባ ተፈቀደለት። ለጋዜጣ አዘጋጅ የሚጻፍ ደብዳቤ አንዳንዴ ፍሬ እንደሚያፈራ ስለሚያሳይ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

በሀብቱ ዘመን ካርኔጊ በተለያዩ አገሮች ለ2,509 ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ገንዘብ ሰጠ። በበኩሌ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከተማው መሬቱን ከማቅረቡ በላይ የሕንፃውን ወጪ አሥር በመቶ የሚያህል ገንዘብ በየዓመቱ ከግብር ሊመድብ ቃል ይግባ አለ። ሕንፃ የአንድ ጊዜ ወጪ እንደሆነ፣ ቤተ መጻሕፍት ግን በየዓመቱ የሚከፈልበት አገልግሎት እንደሆነ ነጋዴው በደንብ ገብቶት ነበር። ሰውዬው ጻድቅ እንዳይመስልብኝ ልጨምርበት፤ እ.ኤ.አ. በ1892 በሆምስቴድ ፋብሪካው የተነሣው የሥራ ማቆም አድማ በደም ተጠናቋል፤ በቀን 12 ሰዓት በብረት ማቅለጫ ፊት የሚውሉ ሠራተኞችም ቤተ መጻሕፍቱን መቼ ገብተን እናንብብ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ዛሬም መልስ ይሻል። ሠራተኛው ቢሮ ሲገባ የሚከፈት፣ ሠራተኛው ሲወጣ የሚዘጋ፣ በሰንበትና በበዓል የማይሠራ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው ሥራ ለሌለው ሰውና ለተማሪ ብቻ ነው።

የንባብ አዳራሹ ሞልቶ ማየት ብዙዎቻችንን ያታልላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ማንኛውም ሰው የሚበዛበት የንባብ አዳራሽ ገብተው ጠረጴዛዎቹን ይመልከቱ። አብዛኛው ወጣት ከቦርሳው ያወጣውን የራሱን ደብተርና የፈተና ጥያቄ ዘርግቷል፤ ጎኑ የቆመው መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት አቧራቸው እንኳ አልተነካም። አንዱን ሳብ አድርገው የመጨረሻ ገጹን ቢገልጡ፣ የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ላይ ደብዝዞ የሚታየው ማኅተም ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ የመጨረሻውም ዓመታት አልፈውታል። ጸጥ ያለ ቦታና መብራት መስጠት ትልቅ ውለታ ነው፤ ተማሪው የትም ቢሄድ ያን አያገኝም፤ ይህን አገልግሎት የሚያንቋሽሽ አልሆንም። ነገር ግን ተማሪው ፈተናውን ሲጨርስ ተመልሶ አይመጣም፤ ምክንያቱም ከዚያ ቤት መጽሐፍ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። የንባብ ልማድ የሚያድገው ከመኝታ በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት፣ በመንገድ ላይ፣ ልጅ አስተኝቶ በሚገኝ ፋታ ነው። እነዚህ ሰዓቶች የሚያልፉት ከአዳራሹ ውጭ ነው።

መጽሐፍ ለምን አይዋስም ሲባል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ይጠፋል። ያለ ጥርጥር ይጠፋል። የሚጠፋው እንዳይጠፋ ተብሎ ግን ተዋሹ የደመወዝ ደብዳቤ ያለው ተያዥ፣ የአሠሪ ማስረጃና ለብዙዎች የማይቻል የገንዘብ መያዣ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በንብረት ቆጠራ ወቅት የጎደለው መጽሐፍ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው መደርደሪያውን ቆልፎ ቢቀመጥ አልፈርድበትም፤ ጥፋቱ የደንቡ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 የቤተ መጻሕፍትን አምስት ሕጎች ሲያስቀምጥ በመጀመሪያ የጻፈው መጻሕፍት አገልግሎት እንዲሰጡ የተሠሩ መሆናቸውን ነበር። በጥንት ዘመን መጻሕፍት ከመደርደሪያ ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ እንደነበር ያስታወሰውም ይህንኑ ለማስረዳት ነው። ዛሬ ሰንሰለቱ በቅጽ ተተክቷል። አስተዋይ አስተዳዳሪ በየዓመቱ ከመቶ ጥቂት መጻሕፍት እንደሚጠፉ ገምቶ በበጀቱ ይይዛል፤ ለወረቀት፣ ለጽዳትና ለመብራት እንደሚይዘው ማለት ነው።

በፊንላንድ የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣ ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ መጽሐፍ መዋስ በነፃ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ከቤተ መጻሕፍት ዓላማዎችም መካከል ንቁ ዜግነትን፣ ዲሞክራሲንና ሐሳብን በነፃነት መግለጽን ማበረታታት ብሎ በግልጽ ይዘረዝራል። ማለትም ሕግ አውጪው መጽሐፍ ማዋስን ከመዝናኛና ከባህል ጉዳይ አልፎ ከመንግሥት አሠራር ጋር አያይዞታል።

ስለ ባለሙያው ጥቂት ልበል። አንድ ጎልማሳ ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ «የሕግ መጽሐፍ አለ?» ይላል። ሥራውን የማያውቅ ሠራተኛ በጣቱ ወደ ሕግ መደርደሪያ ያመለክታል፤ ሰውዬውም ወፍራም ጥራዞች ፊት ጥቂት ቆሞ ይወጣል። ሥራውን የሚያውቀው ግን «ምን ዓይነት ጉዳይ ገጥሞዎት ነው?» ብሎ ይጀምራል። «የውርስ ነው።» «ኑዛዜ አለ ወይስ የለም?» «የለም፣ ሳይናዘዙ ነው ያረፉት።» ሦስት ጥያቄ ሳይሞላ የሚያስፈልገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ክፍል ብቻ እንደሆነ ይታወቃል፤ ባለሙያው ገጹን ገልጦ ከነማብራሪያው ያስቀምጥለታል፤ ምክር ግን አይሰጥም፤ ጠበቃ እንዳልሆነ ይነግረዋል። ይህ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ በሥልጠናና በልምድ የሚገኝ ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ሌላ ቦታ ያልተፈለገው ሠራተኛ መሆኑን የማያውቅ የለም።

በሩ ለማን ክፍት ነው የሚለውም ያው የማሳወቅ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ በተባለች ከተማ ጥቁሮች ግብር እየከፈሉ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1939 አምስት ወጣቶች አንድ በአንድ ገብተው የተዋሽ ካርድ ጠየቁ። ሲከለከሉ እያንዳንዳቸው ከመደርደሪያ አንዳንድ መጽሐፍ አንሥተው በየተለያየ ጠረጴዛ ተቀመጡና ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ ሰላም በማደፍረስ ወንጀል ወሰዳቸው። በጸጥታ በሚነበብበት ቤት በጸጥታ ማንበብ ሰላም ማደፍረስ ተባለ ማለት ነው። ነገሩን ያቀነባበረው ወጣቱ ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበር፤ ከተማው በኋላ ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት የዚያን ካርድ አልቀበልም አለ። ዛሬ እንዲያ ያለ ደንብ በበር ላይ ተለጥፎ አናይም። ይሁንና ልብሱ ያደፈ ሰው በጥበቃ የሚመለስበት፣ የተማሪ መታወቂያ የሌለው የቀን ሠራተኛ የማይገባበት፣ ዓይነ ስውሩ የሚያዳምጠው የሌለበት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ደረጃው ሥር የሚቀርበት ቤተ መጻሕፍት አለ። ሕዝብ ስንል እነዚህንም ማለታችን መሆን አለበት።

የጋዜጣ ነገር ከተነሣ ለእናንተም የሚሆን አለኝ። አሮጌ ጋዜጣ በዓመት እየተጠረዘ የሚቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ኅብረተሰብ የማስታወሻ ደብተሩ ነው። ሁለት እጅ የሚፈልገውን ያን ከባድ ጥራዝ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የቢጫ ወረቀቱን ጠርዝ እንዳይቀደድ በጥንቃቄ እየገለጠ የሚያነብ ሰው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሊጠናቀቅ ቃል የተገባለትን ድልድይ ያገኛል፤ ዛሬ የተባለውን የሚቃረን የያኔ ንግግር ያገኛል፤ በዚያን ጊዜ እርግጠኛ ሆኖ የተዘገበ ኋላ ግን ሐሰት የሆነ ዜናም ያገኛል። በኢንተርኔት ላይ ያለ ጽሑፍ ማንም ሳያውቅ ሊታረም ወይም ሊነሣ ይችላል፤ የታተመውንና በተለያዩ ከተሞች በጥራዝ የተቀመጠውን ግን ከሁሉም ቦታ ማንሣት አይቻልም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንዳንድ የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ቁማርተኛ እንዳይመጣባቸው በጋዜጦች ላይ ያለውን የፈረስ እሽቅድምድም ዜና በጥቁር ቀለም ይሸፍኑት ነበር። አሳባቸው ለበጎ ነበር። ቀለሙ አንዴ ከተቀዳ ግን ነገ ምን እንደሚሸፈን ማንም አያውቅምና፣ ኃላፊው የማይወደው መጽሐፍና ጋዜጣም በመደርደሪያው ሊኖር ይገባል እላለሁ።

«ሁሉም ነገር በኢንተርኔት እያለ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሳልቆይበት ላልፍ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት የለም፤ ያለውም ሁሉ በነፃ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በኪራይ መልክ ነው፤ እንዲያውም አንድ ትልቅ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 መጽሐፉ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንደገና ይገዛ ብሎ ደንግጎ ነበር። የወረቀቱን መጽሐፍ ግን ቤተ መጻሕፍቱ አንዴ ከገዛው እስኪበጣጠስ ያውሰዋል። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለሌለው ሰውም እነዚህን በነፃ የሚያገኝበት ቦታ ያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣውንና ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር ያደሰውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ ላነበበ፣ ቴክኖሎጂው ቤተ መጻሕፍትን እንደማያስቀር፣ ሥራውን ግን እንደሚያበዛበት ግልጽ ይሆንለታል።

እንግዲህ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሪፖርተሮቻችሁ የቤተ መጻሕፍት ምርቃት ሲዘግቡ ከወለሉና ከመቀመጫው ብዛት ጋር እነዚህንም ይጠይቁልን፤ በዚህ ዓመት ለአዲስ መጽሐፍ መግዣ የተያዘው ስንት ነው፣ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዋሳል ወይ፣ ለመዋስ ምን ይጠየቃል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭና በሰንበት ይከፈታል ወይ፣ በቤተ መጻሕፍት ሙያ የሠለጠነ ሰው ስንት አለ? ከዓመት በኋላም ተመልሰው ሄደው ስንት መጽሐፍ እንደተዋሰ ይዘግቡልን፤ የምርቃቱን ዕለት ዜና ያነበብን ሁሉ ያን ቁጥር ለማወቅ እንጓጓለን። ሁለተኛው፣ የጋዜጣችሁ የየዓመቱ ቅጂ ተጠርዞ በየከተማው ላሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚላክበትን መንገድ ብታስቡበት ነው። የጥረዛው ወጪ ከበዛ አንባቢዎች እንድናዋጣ ጥሪ አድርጉ፤ የመጀመሪያውን ጥራዝ ወጪ እኔ ለመሸፈን ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ